ከፋብሪካው ቁጥር በላይ

ሕሩይ በዕድሜው ሙሉ ከፋብሪካ ቁጥር ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ፋብሪካው ይህን ቦልት በዚህን ያህል ጉልበት አጥብቁ ካለ በዚያው ያህል ነው፤ አይጨመርም፣ አይቀነስም። የአውሮፕላን ጥገና ተቆጣጣሪ ነበር፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሃንጋር ውስጥ፣ ኋላም ለአየር መንገዱ ካምፓላ አጠገብ ባለው ኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ተመድቦ። እሱ ፈርሞ ያልለቀቀው አውሮፕላን መሬት ላይ ይውላል። ካፒቴኑ ቢቆጣ፣ የጣቢያው ኃላፊ ቢለምን፣ መንገደኛው ቢንጫጫ፣ ሕሩይ ወይ ፍንክች! "ቁጥሩ ለጌጥ አልተጻፈም" ይላል፤ አበቃ።

እንዲህ ያለው ሰው ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ ካምፓላ፣ ሐይቅ ዳር ሉዚራ በሚገኘው ቤቱ፣ የልጁን አሮጌ ኮምፒውተር ሆድ ዘርግፎ ፕሮሰሰሩን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ሊያስሮጥ ሲታገል ያየው ሰው ቢኖር ኖሮ በሳቅ ይሞት ነበር። ግን ያየው ሰው አልነበረም። ቤቱ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም የለም፤ ነገሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ሚስቱ ጸሐይነሽ ከሞተች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። አስከሬኗን አዲስ አበባ ወስዶ ቀበረ፣ ሥራ ስለነበረበት ተመለሰ፣ ጡረታ ሲወጣም ጓዙን ሳይሸክፍ ቀረ። ሰው ሲጠይቀው "የቤቱ ኪራይ ውል አላለቀም" ይላል። ውሸቱን ነው፤ ውሉን በየዓመቱ የሚያድሰው ራሱ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቤት ጸሐይነሽ የሌለችበት ቤት ነው። ሉዚራ ያለው ግን እሷ የኖረችበት ነው። ይህንን ለማን ያስረዳል?

አንድ ልጁ ኢዮኤል ስዊድን ነው፤ ጎተንበርግ የምትባል ከተማ። ለትምህርት ሄዶ፣ ተመርቆ፣ እዚያው ሥራ ይዞ ቀረ። እሑድ እሑድ ሕሩይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ልጁ ይደውላል። አንድም እሑድ ዘሎ አያውቅም፤ በዚህ አይታማም። ንግግሩ ግን ሁሌ አንድ ነው። እንዴት ነህ? ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጤና? ጤና። ሥራ? ጥሩ ነው። በላህ? በላሁ። ከዚያ ዝም ይባባላሉ፣ ዝምታው ሁለቱንም ያስፈራቸዋል፣ "በል እንግዲህ አባዬ፣ ሳምንት" ይላል ልጁ። ስልኩ ይዘጋል። ሕሩይ ቀኑን ሙሉ ያንን ንግግር መልሶ መላልሶ ይበረብራል፤ አንድ የወደቀ ነገር አገኝ ይሆን እያለ። ምንም አያገኝም።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት ሞቅ ያለች ቦታ ነበረች፤ ቅዳሜ። ቅዳሜ ከሰዓት ኢዮኤል "ይበራል"። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደው የበረራ ጨዋታ ነው፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በየቤታቸው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጡና በኢንተርኔት አንድ ሰማይ ላይ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ የራሱን አውሮፕላን ያበራል፣ በጆሮ ማዳመጫ ያወራሉ፣ አንዱ የቁጥጥር ማማ ሆኖ ያስነሳቸዋል፣ ያሳርፋቸዋል። ማማው የሚሆነው ፖርቱጋላዊ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ቀልደኛ ነው ይላል ኢዮኤል። ስለዚህ ሲያወራ ድምፁ ይረዝማል፣ ይስቃል፣ ሕሩይም አብሮ ይስቃል።

አንድ እሑድ ሕሩይ ደፈር ብሎ "እኔም ብሞክረውሳ?" አለ።

"በየትኛው ኮምፒውተር አባዬ?"

"ባንተው ነዋ። እዚሁ አለ።"

ልጁ ሳቀ። "እሱማ አይችለውም። አርጅቷል እኮ።"

አርጅቷል የምትለዋን ቃል ሕሩይ አልወደዳትም። ከዚያ እሑድ በኋላ አንድ ነገር በሆዱ ያዘ። አሮጌውን ኮምፒውተር አስተካክሎ፣ አንድ ቅዳሜ ሳይናገር እዚያ ሰማይ ላይ ብቅ ማለት። የልጁን አውሮፕላን በስሙ ጠርቶ "እዚህ ኢንቴቤ ነው፤ አባትህ ነኝ" ማለት። ኢዮኤል ምን እንደሚል አሰበው። ሰሐን ሲያጥብ አሰበው፣ ልብስ ሲሰቅል አሰበው፣ ብቻውን ፈገግ እያለ። በየሳምንቱ ከልጁ ጋር አንድ ከሰዓት ማሳለፍ፣ ስለ ጤናና ስለ ብርድ ሳይሆን ስለ ነፋስና ስለ ደመና ማውራት። ከዚህ በላይ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ታዲያ አዲስ ኮምፒውተር ለምን አልገዛም? ይህ ኮምፒውተር ተራ አልነበረም። ኢዮኤል ሃይስኩል ሳለ ከካምፓላው ገበያ ከኪኩቦ ዕቃ እየለቃቀመ እቤት የገጣጠመው ነው፤ ሲገጣጥምም ብቻውን አልነበረም። ሃንጋር ውስጥ ሥራ የሚሠራው በሁለት ሰው አፍ ነው፤ አንዱ ከማኑዋሉ ያነባል፣ ሌላው ይሠራና ይመልሳል። "የዘይት ክዳን፣ ዝጋ" ይላል አንባቢው። "የዘይት ክዳን፣ ተዘግቷል" ይላል ሠሪው። መልስ ሳይሰማ አንባቢው ወደሚቀጥለው መስመር አይሻገርም። ሕሩይ ልጁንም እንዲሁ አስገጠመው። አባት ምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ መነጽሩን አድርጎ እያነበበ፣ ልጅ ምላሱን ነክሶ እየመለሰ። ጸሐይነሽ "እናንተ ሰዎች፣ ይሄን ነገር ልታበሩት ነው እንዴ?" እያለች ትስቅባቸው ነበር።

ኢዮኤል ያኔውኑ ፕሮሰሰሩን ከተጻፈለት ፍጥነት በላይ አስሩጦት ነበር። ይቻላል፤ ማሽኑ ገና ሲነሳ የማስተካከያ ገጹን ከፍቶ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ሙቀቱም ይጨምራል። ወጣቶቹ ኦቨርክሎክ ይሉታል። ሕሩይ ሲያይ ጊዜ "ፋብሪካው ሦስት ነጥብ ሦስት ጊጋኸርዝ ብሎ ጽፎ የለም? ሦስት ነጥብ ሦስት ነው" አለ። ልጁ አልተከራከረም። ቁጥሩን መለሰው፣ "ተመልሷል" አለ፣ ወደ ክፍሉ ገባ።

አሁን ሕሩይ ጨዋታውን በዚያው በሦስት ነጥብ ሦስት ሞከረው። አይ ጉድ! ሥዕሉ አንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፣ ይቆማል፣ ያስባል፣ እንደገና ይንቀሳቀሳል። አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው እስኪላቀቅ ሻይ ፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ኩባያው ይታጠባል። በዚህ ሁኔታ ከልጁ ጋር መብረር የማይታሰብ ነው።

በማግስቱ የደከመችውን ማቀዝቀዣ ፋን በፌስታል ይዞ ቦዳ በሚሏት የኪራይ ሞተር ላይ ወጣ። ኪኩቦ እንደ ወትሮው መላወሻ የለውም፤ ካርቶን የተሸከሙ ሰዎች "ፋሲ! ፋሲ!" እያሉ መንገደኛውን ያስገለሉታል። ብርኽቲ የኮምፒውተር ዕቃ የምትሸጠው እዚያ አንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኤርትራዊት ናት፤ አዲስ አበባ አድጋ፣ አሥመራ አግብታ፣ ካምፓላ የከተመች፣ ምላሷ የማይቻል ሴት። ኢዮኤልን ከሱቋ ደጃፍ የማይጠፋ ልጅ ሳለ ጀምራ ታውቀዋለች።

"ኣያ ሕሩይ፣ ይሄ ፋን ሞቷል" አለች ገና ፌስታሉን ሲከፍት። "ጡረታ ያውጡት። እርስዎም ወጥተው የለ?"

"ትልቅ ማቀዝቀዣ ስጪኝ። ፕሮሰሰሩን ላፈጥነው ነው።"

"ማን? እርስዎ?" ብርኽቲ ባንኮኒው ላይ ተደገፈች። "ባለፈው ቻርጀር ሸጬልዎት፣ የተጻፈው ቮልቴጅ በነጥብ አይገጥምም ብለው ከሉዚራ ድረስ መጥተው የመለሱልኝ ሰውዬ?"

"እሱ ሌላ ነው።"

"አዲስ ይግዙ ኣያ። የዛሬዎቹ ይሄንን ጨዋታ እየዘፈኑ ነው የሚያጫውቱት።"

"ልጄ የገጣጠመው ነው" አለ ሕሩይ። "በሱው ነው የምሄድበት።"

ብርኽቲ ቀልዷን ተወችና አየችው። "ኢዮኤል ያውቃል?"

"ሲያልቅ ነው የሚያውቀው። ያላለቀ ሥራ አይወራም።"

"እኔ ብሆን መጀመሪያ እደውልለት ነበር። እንዴት ነው የሚደረገው ብዬ እጠይቀው ነበር። ልጅ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።"

"ድንገት ሲሆን ነው ደስ የሚለው።"

"ሓቂ? እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።" ትልቁን ማቀዝቀዣ አወረደች፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያጣብቀውን ቅባት ከምስር ፍሬ እንዳያስበልጥ ነገረችው፤ ቁጥሩን በትንሽ በትንሹ እንዲጨምር፣ በየመሃሉ እንዲፈትን አስጠነቀቀችው። "ክፍሉ አየር ያገኛል?"

"መስኮቱ አይከፈትም። የሐይቁ ዝንብ አለ።"

"ካልተከፈተ ይፈላልዎታል።"

"የጠረጴዛ ፋን አለኝ" አለ ሕሩይ፣ ነገሩን ለመዝጋት።

የሐይቁ ዝንብ እውነት ነው። ከወደቡ ከፖርት ቤል በኩል አንዳንዴ እንደ ጭስ ተነስቶ ይመጣና መብራት ያየበት ቤት ሁሉ ይገባል። ጸሐይነሽ በዝንብ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም ነበር፤ በተለይ የኢዮኤል ክፍል ወደ ሐይቁ ስለሚያይ መስኮቱን ራሷ ነበረች የምትዘጋው። እንደዘጋችው ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ያለው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ የልጁ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሕሩይ ሥራውን ጠዋት ጠዋት ያዘው፤ ክፍሉ ሳይግል። እንደ ልማዱ ድምፁን አውጥቶ ያነባል። "ማባዣ፣ ሠላሳ ስድስት" ይልና መልስ ይጠብቃል፤ ማባዣው ፍጥነቱን የሚወስነው ቁጥር ነው፣ ሠላሳ ስድስት ማለት ሦስት ነጥብ ስድስት። ክፍሉ ዝም ነው። የመጀመሪያው ቀን ይህ ዝምታ እጁን አሰረው፤ አርባ ዓመት ያህል መልስ ሳይሰማ አንድ መስመር ተሻግሮ አያውቅም። በኋላ ራሱ ይመልስ ጀመር። "ማባዣ፣ ሠላሳ ስድስት፣ ተደርጓል።" ድምፁ ለራሱ ጆሮ እንግዳ ሆነበት፤ ግን ምን ያድርግ።

ቁጥር ይጨምራል፣ ማሽኑን ያስነሳል፣ ፕሮሰሰሩን እስከ ጥግ የሚያስጨንቀውን መፈተሻ ይለቅበታል፣ ቁጭ ብሎ ሙቀቱን ያያል። ሠላሳ ስምንት ላይ ምንም አላለም። አርባ ላይም ተሸከመው። አርባ አንድ ላይ ስክሪኑ በአንዴ ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ አለ። ሕሩይ ደንግጦ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፤ ያቃጠለው መስሎት። ቮልቴጁን ትንሽ ከፍ አደረገለት፣ እንደገና አስነሳው፣ ተነሳ። "ይቅርታ" አለው። ኮምፒውተርን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ሆነ እንግዲህ።

በዚህ መሃል መብራቱ አንዴ ይደክማል፣ አንዴ ይጠፋል፤ ማሽኑ ሲጠፋ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። አልሰለቸውም። እንዲያውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጸሐይነሽ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ሲነሳ የሚጠብቀው ነገር የኖረው ያን ሰሞን ብቻ ነው። እሑድ ሲደወል ምስጢሩ አፉ ላይ እየመጣበት ይውጠዋል። "ትናንት በረርክ?" ይላል ብቻ። "በረርኩ" ይላል ኢዮኤል፤ ስለ አልፕስ ተራሮች ማዕበል፣ ስለ ፖርቱጋላዊው ቀልድ ያወራል። ሕሩይ ጠብቀኝ ብቻ ይላል በሆዱ።

አርባ ሦስት ላይ ጸና። አራት ነጥብ ሦስት! መፈተሻው ጠዋቱን ሙሉ ሲያስጨንቀው ዋለ፤ ሙቀቱ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ቆሞ፣ የጠረጴዛው ፋን እያጓራ፣ አንዴም ሰማያዊ አልሆነም። ሕሩይ ተነስቶ ቆመ። በቤቱ ተንጎራደደ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሳካ ሃንጋር ውስጥ ትከሻ ይመታል፣ ይጮሃል፣ ሻይ ይጋበዛል። የሚነግረው ሰው ፈልጎ ወጣ፤ ከመንገዱ ማዶ ቻፓቲ በእንቁላል እየጠቀለለ ሮሌክስ የሚሸጠው ጎልማሳ ብቻ ነበር። "ሙዜዪ፣ ዛሬ ደስ ብሎዎታል" አለው ሽማግሌ በሚከበርበት ባገሩ መጠሪያ፣ የቀረውን በእንግሊዝኛ። "ኮምፒውተሬ አራት ነጥብ ሦስት ገባ" አለ ሕሩይ። ሰውየው "በጣም ጥሩ" አለና "ቲማቲም ይግባ?" ብሎ ጠየቀው። ሕሩይ ቲማቲም እንዲገባ ነገረው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሕሩይ ጢሙን ተላጨ፤ የሚያየው እንደሌለ እያወቀ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ፣ ማሽኑን አስነሳ፣ ጨዋታው ውስጥ ገባ። አውሮፕላን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው እንጂ አብርቶ አያውቅም፤ ሰሞኑን ከሰዓት ከሰዓት ግን መነሳትና ማረፍ ብቻውን ተለማምዷል። ኢንቴቤ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ትንሿን አውሮፕላኑን አቆመ። ሥዕሉ እንደ ውኃ ይፈሳል። ማዳመጫው ውስጥ የሰዎች ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል።

"ኢንቴቤ ላይ ያለኸው እንግዳ፣ እንኳን ደህና መጣህ" አለ አንድ ወፍራም ድምፅ በእንግሊዝኛ። ፖርቱጋላዊው ነው፤ ሕሩይ በወሬ ያውቀዋል።

"አመሰግናለሁ" አለ ሕሩይ። "ኢዮኤልን ነው የምፈልገው። የትኛው ነው የሱ አውሮፕላን?"

"ኢዮኤል? የጎተንበርጉ?"

"አዎ።"

"ኢዮኤልማ ከገና ወዲህ መጥቶ አያውቅም ወዳጄ። ኮምፒውተሬን ሸጫለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ሥራ ይዣለሁ ብሎ ተሰናብቶናል። መልእክት ላክንለት፣ አልመለሰም። ሁላችንም እንናፍቀዋለን። አንተ ማን ልበል?"

ሕሩይ ወሮቹን በጣቱ ቆጠረ። ከገና ወዲህ። አሁን ሐምሌ ነው።

"አባቱ ነኝ" አለ በመጨረሻ።

ፖርቱጋላዊው በለሰለሰ ድምፅ፣ "ጌታዬ፣ መንደርደሪያው ክፍት ነው። መነሳት ይፈልጋሉ?" አለ።

እምቢ ማለት አፈረ። ተነሳ። ማሽኑ አልከዳውም፤ አንዴም አልተንገራገጨም። ከሥሩ ሐይቁ ተዘረጋ፤ ሰማያዊ፣ ጀልባ የሌለበት። ወደ ሰሜን ዞሮ ሉዚራ መሆን ያለበት ቦታ ደረሰ፤ ፖርት ቤል የለም፣ መንገዱ የለም፣ የእሱ ቤት የለም፣ ወጥ የሆነ አረንጓዴ ብቻ ነው። እዚያ ሰማይ ላይ ከእሱ ሌላ አንድም አውሮፕላን አልነበረም። እንባው መጣ፤ አልጠረገውም። ዞሮ ተመለሰና አረፈ። ማዳመጫውን አወለቀ። ማሽኑን ለማጥፋት እጁን ዘረጋ፣ ግን አልቻለም፤ እንዳለ ትቶት ወጣ።

ያን ምሽት ሳሎን ተቀምጦ መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነው። ዋሸኝ! ከገና እስከ ሐምሌ ያ ሁሉ ማዕበል፣ ያ ሁሉ ቀልድ፣ ፈጠራ ኖሯል። እሑድ እሑድ አባቱን ለማባበል የሚሰጠው ከረሜላ ኖሯል። ከዚያ ግን ንዴቱ እየበረደ ሌላ ነገር መጣ። ቁጭ ብሎ የሌለ በረራ የሚፈጥር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? የሚያወራው ሌላ ነገር የሌለው ሰው ነው። ጓደኛ የሌለው፣ ቅዳሜን ሥራ ላይ የሚውል፣ የሚወዳትን ማሽን የሸጠ ሰው ነው። ልጄ ብቻውን ነው፣ አለ ሕሩይ።

ይህን ዓይነት ውሸትም ያውቀዋል፤ እንዴት አያውቀው። ጸሐይነሽ የሞተች ጊዜ ኢዮኤል የመመረቂያ ፈተና ላይ ነበር። ለብቻው ሰው አገር ላለ ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ወጉ አይደለም። ሁለት እሑድ ልጁ ደውሎ "እማዬን አገናኘኝ" ሲል ሕሩይ "እናትህ ተኝታለች" አለው፤ የቀበራት ሰውዬ። ፈተናው ሲያልቅ ጎተንበርግ ያሉ ያገር ሰዎች ማልደው በሩን አንኳኩተው፣ ከበውት ተቀምጠው፣ ነገሩት። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ሕሩይን ማንም አልወቀሰውም። ኢዮኤልም አልወቀሰውም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ነው ንግግራቸው ያጠረው።

እሑድ ስልኩ ሲጠራ ሕሩይ የልጁ ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ነበር። ማሽኑ ከትናንት ጀምሮ አልጠፋም። ትንሿ አውሮፕላን መንደርደሪያው ላይ ቆማለች፣ ፋኑ ያጓራል፣ ክፍሉ ምድጃ ሆኗል።

"አባዬ፣ እንዴት ነህ?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?"

"ደህና። ጤና ነው?"

"ጤና። ሥራ?"

"ጥሩ ነው።"

"ትናንት በረርክ?"

"በረርኩ! ሊዝበን ድረስ ሄድን። ደመናው አይጣል ነበር፤ ግን ፖርቱጋላዊው አወረደኝ። ምን አለ መሰለህ ደግሞ..."

ያቺ የሚወዳት ረዥም ድምፅ መጣች። ሕሩይ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። እናትህ ተኝታለች። የራሱ ድምፅ ነው፤ በልጁ አፍ ተመልሶ መጣ። አሁን "ደስ ይላል፣ በል ሳምንት" ብሎ መዝጋት ይችላል። ማንም አይጎዳም። የሚቀጥለው እሑድ ሌላ በረራ ይሰማል፣ ከዚያ ሌላ፣ ሁለቱም በየቤታቸው እንደተዘጉ።

"ኢዮኤል።"

"አቤት።"

"ትናንት እኔም እዚያ ነበርኩ። ከኢንቴቤ ተነሳሁ። አንተን ጠየቅኩ።"

ሕሩይ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው፤ አልተቋረጠም።

"በየትኛው ኮምፒውተር?" አለ ኢዮኤል በመጨረሻ። ድምፁ ቀጭን ነበር።

"ባንተው።"

"አይችልማ እሱ።"

"አራት ነጥብ ሦስት ላይ ነው።"

"ማን አደረገው?"

"እኔ።"

"አንተ?" አለ ልጁ። "አንተ ከፋብሪካው ቁጥር በላይ?"

"እኔ። ላገኝህ ብዬ ነው።" ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ። "ለምን አልነገርከኝም ልጄ?"

ኢዮኤል ሲተነፍስ ይሰማል። "ብቻህን ነህ፣ ለምን ላስጨንቅህ? የተማርኩበትን ሥራ ካጣሁ ቆየሁ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ነው የማነሳው። ቅዳሜንም እሑድንም፣ ያገኘሁትን ነው የምሠራው፤ ለአንተ የምደውለው በምሳ ሰዓቴ ነው። ታዲያ ይሄ በስልክ ይነገራል? ክፉ በስልክ አይነገርም። ካንተ ነው የተማርኩት አባዬ።"

"አዎ" አለ ሕሩይ። "ከእኔ ነው።" "ሰው አለህ እዚያ?" ሲል ጠየቀው።

"የለኝም። አንተስ?"

"እኔም የለኝም።"

ተነገረ። ሰማይ አልተደፋም። ሁለቱም ለጊዜው የሚሉት አጡ፤ ዝምታው ግን እንደ ሌላው እሑድ አላስፈራቸውም፣ "ሳምንት" የሚልም አልነበረም።

"ምንድነው የሚያጓራው?" አለ ኢዮኤል።

"እሱ ነው። ከትናንት ጀምሮ አላጠፋሁትም።"

"ሙቀቱ ስንት ነው?"

ሕሩይ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ። "ሰማንያ ስምንት።"

"አባዬ! ይቃጠላል እኮ! አሁኑኑ ቀንሰው።"

"አልቀንስም" አለ ሕሩይ። "አንተ መጥተህ ቀንሰው።"

እንዲህ ሊል አላሰበም ነበር፤ ከሆዱ ወጣ። በዕድሜው ሙሉ ልጁን ና ብሎት አያውቅም፤ ትምህርትህን ጨርስ፣ ሥራህን አጥብቀህ ያዝ፣ እኔ ደህና ነኝ ሲለው ነው የኖረው። ከወዲያ ኢዮኤል አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ። ከኋላው የማሽን ጩኸትና ሰው የሚጠራ ሰው ይሰማል፤ ምሳ ሰዓቱ አልቋል።

"እሺ" አለ ኢዮኤል። "እመጣለሁ። እስክመጣ ግን እንዲህ አይቆይም።" ድምፁን ጠረገ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እንደሚነበበው አድርጎ፣ "መስኮት፣ ክፈት" አለ።

ሕሩይ ስልኩን እንደያዘ ተነሳ። መቀርቀሪያው ዝጎ ነበር፤ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። መስኮቱ ተከፈተ፣ የሐይቁ አየር ገባ፣ ዝንቡም ተከትሎ ገባ።

ኢዮኤል እየጠበቀ ነው። መልስ ሳይሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

"መስኮት፣ ተከፍቷል" አለ ሕሩይ።